ሕሩይ፣ ብሩህና የቀነሱት ሩዥ

በስቶክሆልም ዳር ባለችው ሰፈራችን በአልቢ ሕሩይን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በቀዩ መስመር ቱነልባና፣ የምድር ውስጡን ባቡር፣ ሲነዳ ኖሮ አምና ነው ጡረታ የወጣው። እኔን ራሴን ስንት ጊዜ ከነፌስታሌ ከሻርሆልመን ገበያ አምጥቶ ሰፈሬ ጥሎኛል፣ እሱ ሳያውቅ። ቁመቱ ረዥም፣ ወሬው አጭር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። አግብቶ ፈትቷል። ለምን እንደተፋቱም አውቃለሁ፤ የዛሬው ወሬ ግን እሱ አይደለም።

እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነን። የሱ በረንዳ ልክ ከኔ በረንዳ በላይ ነው። ስልክ ሲያወራ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ለቆ ነው፤ የባቡሩ ጩኸት ጆሮውን ትንሽ አክብዶበታል። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ? ጆሮዬን ቆርጬ ልጣለው? እሑድ እሑድ፣ አሥር ሰዓት ሲል፣ ብሩህ ከካናዳ ይደውላል። እዚያ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው አሉ። እኔም አበባዬን ውኃ የማጠጣው እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ብሩህና ሕሩይ አብሮ አደጎች ናቸው፣ የጉለሌ ልጆች። የሚቀጥለውን ያወቅሁት በኋላ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በጎንደር በኩል በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። ሲነሱ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው የሕሩይ ታናሽ ወንድም ማስረሻ ነው፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ገዳሪፍ ሳይደርሱ ወባ ጣለው። በቆርቆሮ ቁራጭ መሬት ጭረው ሁለቱ ቀበሩት። ከዚያ ብሩህ ካናዳ ደረሰው፣ ሕሩይ ስዊድን። የነሕሩይ እናት አዲስ አበባ ላይ የልጆቿ መጥፋት ሲሰማ፣ ቀበሌው መጥቶ እንዳይፈትሻት ፈርታ ፎቶአቸውን ሁሉ እሳት ውስጥ ከተተችው። አሁን እናትም አባትም የሉም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በስልክ ስለ ማስረሻ አንድ ቀን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ኳስ ነው።

ኳስ ስላችሁ የምናውቀውን ኳስ ማለቴ አይደለም። ይኼ እንደ እንቁላል የሾለ፣ ታቅፈውት የሚሮጡት፣ ሰው ከሰው እንደ በሬ የሚላተምበት ነው። የአሜሪካኖቹ ነው ያላችሁት እንደሆነ ሕሩይ ይቆጣል። የካናዳው ሌላ ነው። ሜዳው ይረዝማል። አሜሪካኖቹ አራት ጊዜ ሲሞክሩ እነዚህ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ካልሆነላቸው ለባላጋራ ማስረከብ ነው። ብሩህ ሬጃይና የምትባል ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ የስታዲየም ወንበር ሥር መጥረግ ነበር። እየጠረገ እያየ፣ እያየ እየለመደ፣ ለሕሩይም በቪዲዮ ካሴት ይልክለት ጀመር። ሕሩይ ያኔ ሪንከቢ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የካናዳ ካሴት ደግሞ በዚህ አገር ማጫወቻ እሺ አይልም፤ ቀለም የለው፣ ምስሉ ከላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ነው የሚያልፈው። ሕሩይ ዓመት ሙሉ የሚንከባለል ሰው ሲያይ ከረመ።

«ታዲያ ማን እንዳሸነፈ እንዴት ታውቅ ነበር?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን፣ ደረጃ ላይ።

«ብሩህ ይነግረኛላ» አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ቆይቷል፣ እሱ በሚነዳው ባቡር ፊት ሰው ዘለለ። ሕሩይ ቤቱን ዘግቶ ወር ሙሉ ተኛ። ብሩህ ወሩን ሙሉ በየቀኑ ደወለ። «አይዞህ» እንኳ አላለውም። ማን ወደ ማን ወረወረ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ተነሳ፣ እሱን ብቻ ነው የሚያወራለት። ወሩ ሲያልቅ ሕሩይ ተነስቶ፣ ተላጭቶ፣ ሥራ ገባ። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ ኳስ ስቄበት አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

አምና በፈረንጆቹ በጋ፣ በሰኔ፣ ብሩህ ሁለቱም ኩላሊቶቹ እምቢ አሉት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙን ያሳጥባል። ለሕሩይ ሲነግረው «ለማንም፣ ለነፍስ አባትህም እንዳትተነፍስ» ብሎ ነው። ሕሩይ አልተነፈሰም። እኔም ሦስት ወር ሙሉ አልተነፈስኩም፤ ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ።

መስከረም ላይ ግን ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ያን እሑድ ትቬትስቱጋ ልብስ ማጠቢያ ተራዬ ስለነበር አርፍጄ ነው በረንዳ የደረስኩት። ወሬው መሐል ገብቷል። ሕሩይ ይጮኻል።

«ሩዙንም ቀነሱት በቃ! ምን ቀራቸው?»

«ቢቀንሱት ምናለ?» ይላል ብሩህ። «ካልቀነሱ ሁሉም ነው የሚቀረው። ልጆቹ እንደሆኑ ጥለው ሄደዋል። ዝር የሚል የለም። ባዶ ነው ስልህ፣ ባዶ!»

«አንተ እንዲህ ትላለህ? አርባ ዓመት በምን ኖርክ?»

«ኖርኩበት፣ አልካድኩም። አሁን ግን እየሞተ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ብዙም አይቆይም።»

«አትበለኝ!»

«እላለሁ። እያየሁት ምን ልበልህ?»

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሄደን «ዘይቱን ቀነሱት፣ ስኳሩን ቀነሱት» እየተባባልን በባዶ ፌስታል የተመለስን ሰዎች ነን። ሩዙን ቀነሱት ሲል ለካናዳ ሽማግሌዎች የሚታደል ራሽን አለ፣ እሱን ቆረጡባቸው አልኩ። ልጆቹም ጥለውት ሄደዋል። ከሚስቱ ጋር ባዶ ቤት ቀርተዋል። ሰውየው ሞቱን እያየው ነው። ዕቃዬን እዚያው ጥዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ማርያምን።

የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ለምንትዋብ። ለምንትዋብ መንገር ለሬዲዮ መንገር እንደሆነ ደግሞ አልጠፋኝም። ኩላሊቱንም፣ ሩዙንም፣ ልጆቹንም ነገርኳት። የምንትዋብ እህት ብዙአየሁ እዚያው ሬጃይና ናት። ሳምንት አልሞላም። ብዙአየሁና ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሃያ ኪሎ ሩዝ ተሸክመው የብሩህን በር አንኳኩ። እሱ ክንዱን በፋሻ እንደተጠቀለለ ከፈተ። ያ የሰው ቁራሽ የማይቀምስ ሰው፣ የስንቱን ሬሳ የተሸከመ፣ የስንቱን ስደተኛ ቤቱ ያሳደረ ሰው።

«ስቶክሆልም ያለው ወንድምህ ተጨንቆልህ ነው» አሉት።

እሑድ ደወለ። ሰላም የለ፣ ምን የለ።

«አደባባይ አወጣኸኝ፣ አይደል?»

«ማንን? ምን አደረግኩ?» አለ ሕሩይ።

«ለማኝ አደረግከኝ። ሴት ሩዝ ተሸክማ ደጄ መጣች። አንድ ምስጢር ነገርኩህ፣ ለአንተ ብቻ። በዚህ ምድር ላይ የማምነው አፍ ያንተን ነበር።»

«ብሩህ፣ ስማኝ፣ እኔ…»

ጠረቀመው። የውኃ ማጠጫዬ ከእጄ ወደቀ።

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰባት እሑድ አለፈ። በያንዳንዱ እሑድ አሥር ሰዓት ሲል ከላይ ሕሩይ ወደ ብሩህ ሲደውል፣ ስልኩ ሲጠራ ይሰማኛል፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። ብርድ ገብቶ በረንዳው ተዘጋ፤ እኔ ግን ካፖርቴን ደርቤ እወጣ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ አልነበረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጠን፣ ይኼ በቅርብ ከአዲስ አበባ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሲራክ፣ እንደ ልማዱ ነካካው።

«ጋሽ ሕሩይ፣ ዘጠኝ ቡድን ብቻ ያለው ሊግ ምኑ ሊግ ነው? እድር አይሉትም?»

ሰው ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሕሩይ የሲራክን አባት እስከመስደብ ይደርስ ነበር። «የናንተ አሜሪካ ገና ማሙሽ ሳለች ነው ካናዳ ኳስ የጀመረችው» ብሎ አንድ ሰዓት ያስተምረው ነበር። ያን ቀን ብርጭቆውን አስቀመጠና ኮቱን ይዞ ወጣ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ሲራክ ተደናግጦ።

እኔ ዳቦዬን እያየሁ አኘክሁ።

ከዚያ ኅዳር ላይ የብሩህ ቡድን፣ የሬጃይናዎቹ አረንጓዴ ለባሾች፣ ዋንጫ በሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው አሉ። ሰኞ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሕሩይ ነው። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«እትዬ ሸዋሉል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክዎን ያውሱኝ። የኔን ቁጥር ሲያይ የማያነሳ ሰው አለ።»

ኩሽና አስቀመጥኩት። ቁጥሩን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ደወለ። ተነሳ።

«ብሩህ፣ እኔ ነኝ። እንኳን ደስ…»

ተዘጋ።

ስልኬን በሁለት እጁ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ፣ እንደሚሰበር ዕቃ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አልኩት፣ ሞኝ መስዬ። «ኳስ የሚያወራ ወንድ በዚህ ከተማ ጠፋ?»

«ኳስ አይደለም እትዬ።» የማስረሻን ነገር ከመጀመሪያው ነገረኝ፤ የቆርቆሮውን ቁራጭ፣ የተቃጠለውን ፎቶ፣ ሁሉን። «የማስረሻን ፊት ያየ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ፣ እኔና ብሩህ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ ከጠፋብኝ ቆየ። አሁን መልኩም እየሄደ ነው። አንድ ቀን ብሩህን እጠይቀዋለሁ እያልኩ፣ ኳስ ኳስ ስንል አርባ ዓመት ሄደ። እሱ ታሟል። እንዲህ እንደተኳረፍን የሞተ እንደሆነ ልጁን ይዞብኝ ነው የሚሄደው።»

አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«እሱስ ቢሆን ምን ያድርግ፣ ሩዙን ከቀነሱበት በኋላ…»

ቀና አለ። «የምን ሩዝ?»

«ቀነሱት ያላችሁት። በመስከረም።»

«ሩዥ» አለ ቀስ ብሎ። «ሩዥ ነው እትዬ እንጂ ሩዝ አይደለም። ነጥብ ነው። በካናዳው ጨዋታ ጎል ሊመታ የሞከረ ቢስትና ኳሱ በኋላ በኩል ቢወጣ፣ አንድ ነጥብ ይሰጡታል። ስሟ ሩዥ ነው።»

«ለሳተ ሰው ነጥብ?»

«ለሳተ ሰው። አሁን ደንቡን ለወጡት። ኳሱ ዝም ብሎ ከወጣ ነጥብ የለም አሉ። ሜዳውንም ሊያሳጥሩት ነው፣ የጎሉንም ብረት ወደ ኋላ ሊያወጡት ነው። እኔ ይኼ የካናዳ መሆኑ ቀረ፣ ተሸጠ እላለሁ። ብሩህ ካልተለወጠ ይሞታል ይላል። በሱ ነበር የምንጨቃጨቀው።»

«ልጆቹ ጥለው ሄዱ ያለውስ?»

«ወጣቶቹ። የአሜሪካኑን ነው የሚያዩት።»

«ባዶ ነው ያለውስ?»

«ቶሮንቶ ያለው ስታዲየም።»

«እየሞተ ነው…»

«ሊጉ፣ እትዬ። ሊጉ።»

እዚህ ላይ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ «አንቺ ወሬኛ አሮጊት» ቢለኝ። ተነሳና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ስለ ስልኩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ እግሩን ቆጠርኩ፤ መሐል ላይ ቆመ፣ እንደገና ወጣ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ለቅሞ መመለስ የለም። ግን እኔ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ የማውቅ ሴት ነኝ፤ በሄደበት መንገድ ሌላ ልልክበት ቆረጥኩ። ምንትዋብን ጠራኋት። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እህቷን ደወልንላት።

«ብዙአየሁ፣ የኔ ልጅ፣ ብሩህ ረቡዕ ማሽን ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«አራት ሰዓት።»

«ተነስቶ መሄድ ይችላል?»

«ምን ነካዎት እማማ? በቱቦ ታስሮ!»

«እንግዲያው ሄደሽ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዢልኝ። እጁ ላይ እንዳትሰጪው፣ ይዘጋዋል።»

ረቡዕ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሕሩይ ሲከፍት የምለውን ሳይሰማ ልዘጋ ነው አለ። «እግርህ ሥር እተኛለሁ፣ ረግጠኸኝ ታልፋለህ» አልኩት። የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ረግጦ ማን ያልፋል? ወረደ። ኩሽናዬ ተቀመጠ። ደወልኩ፣ ድምፁን ለቀቅሁት። በወዲያኛው በኩል ማሽን ሲያቃስት ይሰማል።

«ብሩህ፣ ሸዋሉል እባላለሁ። አታውቀኝም። እኔ ግን ድምፅህን ከገዛ ሚስትህ እኩል አውቀዋለሁ።»

«ማን ኖት እርስዎ? ብዙአየሁ፣ ይኼን ነገር ከጆሮዬ አንሺው!»

«አታንሺ! ብሩህ፣ ከሕሩይ በታች የምኖር ነኝ። ሕሩይ አንዲት ቃል ለማንም አልተናገረም። በረንዳ ላይ የሰማሁ እኔ ነኝ፣ የዘራሁም እኔ ነኝ። ሩዥ ስትሉ ሩዝ መስሎኝ።»

«ምን መስሎዎት?»

«ሩዝ። ካናዳ የሽማግሌ ራሽን ቆረጠች ብዬ።»

አንድ የሚያስፈራ ድምፅ መጣ፤ ያነቀው መሰለኝ። ነርሷ በእንግሊዝኛ ስትጮህ እሰማለሁ። ሲስቅ ነው ለካ።

«ሃያ ኪሎ!» ይላል። «ሃያ ኪሎ እኮ ነው! ሚስቴ እስከ ዛሬ ሩዝ ነው የምታበላኝ!» ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። «አጠገብዎ ነው?»

«ይኸው ተቀምጧል።»

«ይስጡኝ።»

ሕሩይ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበ። ይቅርታ የሚባባሉ መስሎኝ ነበር። ወንድ እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለው፦

«ዋንጫ በላችሁ።»

«በላን።»

«ሜዳው ካጠረ በኋላ እናያችኋለን።»

«ጀመረህ ደግሞ! ካልተለወጠ ይሞታል አላልኩህም?»

«ተለውጦ ከሚኖር…» ብሎ ሕሩይ አቆመ። ጣቱን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ያሽከረክራል። «ብሩህ።»

«አቤት።»

«ማስረሻ ቁመቱ እንዴት ነበር?»

ያን ስም በስልክ ሲያነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

«ያንተ ትከሻ ድረስ ነበር። ካንተ እኩል ለመምሰል ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ይወትፍ ነበር።»

«ጋዜጣ?»

«አጣጥፎ። መተማ ስንደርስ አውጥቶ እሳት አነደድንበት። ግራኝ ነበር ደግሞ።»

«ማስረሻ? ማስረሻ ቀኝ ነው።»

«ግራኝ ነበር ሕሩይ።»

«ወንድሜ አይደል እንዴ? አብሬው በልቼ!»

«ገበታ ላይ አባታችሁ ግራ እጁን ስለሚመቱት በቀኙ ነበር የሚበላው። አንተም የቤቱ ሰው ስለሆንክ ካንተም ደብቆታል። ወንዝ ስንወርድ ግን ድንጋይ በግራው ነው የሚወረውረው። ከሁላችንም ያርቅ ነበር።»

ያ ረዥም ሰው ወንበሬ ላይ አጠረብኝ።

«ይኼን አላውቅም ነበር» አለ።

ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የቤት ኪራይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ገልብጦ፣ ከሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ አወጣ።

«ቀስ ብለህ ንገረኝ። ስንት ሰዓት ቀርቶሃል?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ይበቃል። ከጉለሌ ጀምር።»